የወታደሩ መተዳደሪያ፤ ከማደሪያ መሬት እስከ ጡረታ ደብተር

በ1966 ዓ.ም. በጋ በነገሌ ቦረና በሰፈረው የምድር ጦር ብርጌድ ውስጥ የወታደሮቹ የውኃ መሳቢያ ፓምፕ ተበላሸ። ፓምፕ ይበላሻል፤ ይህ ለእኛ ለመሐንዲሶች እንግዳ ነገር አይደለም። ኩሽኔታው ይበላል፣ ጎሚኒው ያረጃል፣ ነዳጁ ይቆሽሻል፤ መለዋወጫ በጊዜ ከተገኘና የሚያውቅ እጅ ከነካው ግን በአንድ ቀን ሥራ ይነሣል። የነገሌው ፓምፕ በጊዜ አልተጠገነም። በዚያው ሰፈር የመኮንኖቹ ጉድጓድ ውኃ ይሰጥ ነበርና ወታደሮቹ ከዚያ እንቅዳ ብለው ቢጠይቁ ተከለከሉ። የሚቀርብላቸውም ምግብ ከዚያ በፊት ብዙ ያጉረመረሙበት ነበር። ጥር 4 ቀን ወታደሮቹ አለቆቻቸውን ያዙ። ነገሩን አጣርተው እንዲያበርዱ ከአዲስ አበባ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም አግተው፣ ያንኑ ምግብ እንዲበሉና ያንኑ ውኃ እንዲጠጡ አደረጓቸው። ልክ በስምንተኛው ወር፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

አንድ ፓምፕ አንድን ዙፋን ገለበጠ ለማለት አይደለም። የወሎ ረኀብ፣ የነዳጅ ዋጋ መናር፣ የመምህራንና የተማሪዎች ቅሬታ፣ ለዓመታት ሲንከባለል የቆየው የመሬት ጥያቄ ሁሉ ተደራርበው የደረሱበት ዘመን እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ሆኖም የነገሌው ነገር ከሌሎቹ ተለይቶ በሐሳቤ ሲመላለስ ይኖራል። በጊዜው ወታደሩ ቀለብም፣ ውኃም፣ ደሞዝም እንዲያገኝ በወረቀት ተጽፎለት ነበርና። የጎደለው ከወረቀቱ እስከ ወታደሩ ኮዳ ድረስ ያለው መንገድ ነው። የመጽሔታችን አዘጋጆች ለዘንድሮው እትም ከሙያችን ጥቂት ወጣ ያለ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ይህን መንገድ ከቀድሞው ዘመን ጀምሬ ብከታተለው ምን ይመስል ይሆን ብዬ ተነሣሁ። ታሪክ ጸሐፊ አይደለሁም። ስለዚህ የጦርነቶቹን ድልና ሽንፈት ለሚያውቁት ትቼ፣ ወታደሩና ቤተሰቡ በምን ይኖሩ እንደ ነበር ብቻ እናገራለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ነገሩን ከቤቴ ልጀምር። ያሳደጉኝ የእናቴ እናት የወታደር መበለት ነበሩ። ከአልጋቸው ሥር በምትቀመጥ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ፣ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለሉ ሁለት ወረቀቶች ነበሯቸው። አንደኛው፣ ወንድ አያቴ ከነጻነት በኋላ በጦር ሠራዊት ላገለገሉበት አንድ ጋሻ መሬት እንዲሰጣቸው የሚያዝ፣ ማኅተሙ የደበዘዘ ደብዳቤ ነው። ሁለተኛው የጡረታ ደብተር ነው። መሬቱን ከቤተሰባችን ያየው ሰው የለም። አያቴ ሁለት ጊዜ ፈቃድ ጠይቀው ወደ ተመሩበት አውራጃ ቢሄዱም፣ በመጀመሪያው ቀያሽ የለም፣ በሁለተኛው ደግሞ መሬቱ ባለቤት ተገኝቶለታል ተብለው ተመልሰዋል። በጡረታ ደብተሩ ግን በየወሩ ጥቂት ብር ይመጣ ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት፣ ኋላም ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ ደብተርና እርሳስ የተገዛልኝ ከዚያች ብር ነው።

ጋሻና ጋሻ ያዥ

ስለ ቃሎቹ ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ። ወታደር የሚለው ስም «ወጥቶ አደር» ከማለት የመጣ ነው እየተባለ ይነገራል። ሥርወ ቃሉን ሊቃውንቱ ይመርምሩት፤ ለወታደር ሚስት ግን ፍቺው ከዚህ የቀረበ አይገኝም። የመሬት መለኪያችንም ጋሻ ተብሎ መጠራቱ ያለ ምክንያት አይመስልም፤ አንድ ጋሻ ያዥ ለዘመቻ ሊያቆም የሚችል መሬት እንደ ማለት ነው ሲሉ ሽማግሌዎች ያስረዳሉ። የጋሻው ስፋት እንደ መሬቱ ለምነትና እንደ ቀላዱ የሚለያይ ሆኖ፣ በዘመናዊው አቆጣጠር በአማካይ 40 ሄክታር ይባላል። አንድ የመሬት ስፋት በመሣሪያ ስም ሲጠራ፣ መሬቱና ወታደርነቱ የማይለያዩ ነበሩ ማለት ነው።

በቀድሞው ዘመን የመንግሥቱ ግምጃ ቤት ለሠራዊት በየወሩ የሚከፈል ጥሬ ገንዘብ አልነበረውም። የነበረው መሬትና በመሬቱ ላይ የሚኖር ገበሬ ነው። ስለዚህ ንጉሡ ለጭፍራው ገንዘብ በመስጠት ፈንታ፣ ገበሬው ለመንግሥት ከሚያገባው ግብር የመብላት መብት ይሰጠው ነበር። በመካከለኛው ዘመን ጨዋ ይባሉ የነበሩት ጭፍሮች በየጠረፉ እንዲሰፍሩ የተደረገው በዚህ መንገድ ነበር። ለወታደሩ በደሞዝ ምትክ የሚሰጠው መሬት ማደሪያ ይባላል። ማደሪያ ርስት አይደለም፤ አገልግሎቱ እስካለ ድረስ የሚቆይ እንጂ። ወታደሩ በሞተ ጊዜ ልጁ የአባቱን ጠመንጃ አንሥቶ በእግሩ ካልተተካ፣ የማደሪያው ነገር አጠራጣሪ ይሆናል። ወንድ ልጅ የሌላት፣ ወይም ልጇ ገና ሕፃን የሆነ መበለት በዚህ ሥርዓት ውስጥ የምትይዘው ነገር እምብዛም አልነበራትም።

በዘመቻ ጊዜ ደግሞ ስንቅ የማዘጋጀቱ ኃላፊነት በራሱ በዘማቹ ላይ ነበር። በቅሎና አህያ ያለው ጭኖ፣ የሌለው ተሸክሞ ይወጣል። የሚፈጩት፣ የሚጋግሩት፣ ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ከሠራዊቱ ጋር አብረው ይዘምታሉ። ዛሬ ሎጂስቲክስ የምንለውን ሥራ የሚሠራው በዚያን ዘመን የወታደሩ ቤተሰብ ነው ለማለት ይቻላል፤ ያውም ያለ ደሞዝ። የዐድዋን ዘመቻ የተረዳነው በጀግኖቹ ስም ስለ ሆነ፣ ከኋላ ድንጋይ ወፍጮ የተሸከሙትን ሴቶች ቁጥር መዝግቦ ያቆየልን የለም።

ስንቁ ሲያልቅ የሚከፈተው የገበሬው ጎተራ ነው። ከጥንት ጀምሮ የአገሪቱ ትልቅ መቅሠፍት ከድርቅና ከአንበጣ ቀጥሎ የራሷ ሠራዊት ማለፍ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህን በሚገባ የተረዱት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ወታደሩን ደሞዝ እየሰጡ ከዘረፋ ለማራቅ ሞክረዋል፤ የዐሥር አለቃ፣ የሃምሳ አለቃ፣ የመቶ አለቃና የሻለቃ ማዕረግም ሥርዓት የያዘው በእርሳቸው ዘመን ነው። ነገር ግን ደሞዙ ከየት ይምጣ? ለሠራዊቱ መቋቋሚያ ይሆን ዘንድ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ለመቀነስ ባሰቡ ጊዜ ከካህናቱ ጋር ተጣሉ፤ ጠቡም መንግሥታቸውን ካዳከሙት ነገሮች አንዱ ሆነ። ሐሳቡ ከዘመኑ ቀድሞ ነበር፤ ግምጃ ቤቱ ግን በዘመኑ እንደ ነበረ ነበር።

ዐፄ ምኒልክ በሌላ መንገድ ሄዱ። ክፉ ቀን የሚባለው ረኀብ አገሪቱን ካደቀቀ በኋላ፣ በ1880ዎቹ አጋማሽ ገበሬው ከምርቱ ከዐሥር አንድ እየሰጠ ወታደሩ በገበሬው ቤት እየተመደበ መቀለቡ እንዲቀር አሥራትን ደነገጉ። አሥራት ኋላ የቆየው በመሬት ግብርነቱ ስለ ሆነ፣ መነሻው የወታደር ቀለብ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በአንድ መዝገብ የሚሰበሰብና ከመንግሥት ጎተራ የሚከፋፈል ቀለብ ማለት ግን ትልቅ የአሠራር ለውጥ ነበር። ሥርዓቱ በሁሉም ቦታ እኩል አልሠራም፤ በአንዳንዱ ገበሬ ላይ አሥራቱም ወታደሩም ተደርበው ወረዱበት።

በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል የሆነው ደግሞ ከዚህ የከበደ ነው። በዚያ የሰፈረው ነፍጠኛ እንደ ማዕረጉ የገባር ቁጥር ይመደብለት ነበር። ገባሩ እህል ይሰጣል፣ ማር ይሰጣል፣ እንጨት ይሸከማል፣ ቤት ይሠራል፣ የሁዳድ እርሻ ያርሳል። ወታደሩ ይህን የሚቀበለው በደሞዙ ፈንታ ነውና፣ በራሱ ዓይን ሲታይ መብቱን እንጂ ግፍ አልሠራም። ለገባሩ ግን የመንግሥት ዕዳ በእርሱ ጀርባ ላይ ተከፈለ ማለት ነው። የወታደርን ጥቅም ታሪክ ስንጽፍ ይህን ዘልሎ ማለፍ የሚገባ አይመስለኝም። ወታደሩ ስለ ተጎዳበት ዘመን ስናዝን፣ ሌላው ለእርሱ ሲል የተጎዳበትን ዘመንም ማስታወስ ተገቢ ነው።

ወርኃዊ ደሞዝ

በገንዘብ የሚከፈለው፣ ልብስና ሰፈር የሚሰጠው፣ በአሠልጣኝ የሚሠለጥነው ሠራዊት የተጀመረው በክብር ዘበኛ ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1909 ዓ.ም. ያቋቋሙት፣ በእንግሊዝና በኢጣሊያ ቅኝ ጦሮች ውስጥ አገልግለው የተመለሱትን ሰዎች ይዘው ነበር። በ1922 ዓ.ም. የቤልጅግ መኮንኖች ክብር ዘበኛውን ሊያሠለጥኑ መጡ፤ በ1927 ዓ.ም. ደግሞ በስዊድን መኮንኖች የሚመራው የጦር ትምህርት ቤት በሆለታ ገነት ተከፈተ። ጠላት ሲገባ ግን አብዛኛው ዘማች አሁንም ስንቁን ይዞ የመጣው ባላገር ነበር።

ከነጻነት በኋላ ከእንግሊዝ ጋር በ1934 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት መሠረት የእንግሊዝ ወታደራዊ ልዑክ አዲሱን ጦር ሠራዊት ማደራጀት ጀመረ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ቁጥር 70 የገባርን አገልግሎት አስቀርቶ ግብሩን በገንዘብ እንዲከፈል አደረገ። እነዚህ ሁለት ነገሮች ለየብቻቸው ሲነገሩ እንሰማለን እንጂ፣ የአንድ ሥራ ሁለት ጫፎች ናቸው። ገበሬው በገንዘብ ካልከፈለ ወታደሩ በገንዘብ ሊከፈለው አይችልም። ወታደሩ በገንዘብ ካልተከፈለው ገባሩ ነጻ ሊወጣ አይችልም። የወር ደሞዝ የሚለው ቀላል ነገር በኢትዮጵያ ውስጥ እንዲኖር የመሬቱ ሥርዓት አንድ ቦታ ላይ መበጠስ ነበረበት።

ሆኖም መንግሥት አሮጌውን ልማድ በአንድ ጊዜ አልተወም። በ1930ዎቹ ለአርበኞች፣ ለስደተኞች፣ ኋላም ለወታደሮችና ለመንግሥት ሠራተኞች ከመንግሥት መሬት ጋሻ ጋሻ እንዲሰጥ ታዘዘ። ትእዛዙ ብዙ ነበር፤ መሬቱም ነበር። ነገር ግን ትእዛዙን የያዘው ሰው ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ሄዶ፣ መሬቱን ራሱ አፈላልጎ፣ ቀያሽ አስወጥቶ፣ አስለክቶ፣ በመዝገብ አስገብቶ ካልጨረሰ ወረቀቱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። አዲስ አበባ ዘመድ ላለውና ለመኮንኑ ይህ ሁሉ ይቻላል። በጠረፍ ለሚኖር ተራ ወታደር፣ ዓመት ፈቃዱ በመንገድ ለሚያልቅበት ሰው፣ አይቻልም። የእኔ ወንድ አያት ከነዚህ አንዱ ናቸው። ቀያሾቹን እንዳልወቅስ የሙያ ወዳጅነት ይይዘኛል። በዚያን ዘመን በመላው አገሪቱ የነበረው የሠለጠነ ቀያሽ ከተሰጠው ትእዛዝ ጋር ሊመጣጠን አይችልም ነበር። እንግዲህ ስጦታውን የደነገገው ሰው ቴዎዶላይቱን ከነባለሙያው አብሮ አላሰበውም ማለት ነው።

ከዚያ ዘመን የኮሪያን ዘማቾች ነገር ሳላነሣ ባልፍ ደስ አይለኝም። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ተነሣ፤ ተከታዮቹም ተተኩ። ከ120 በላይ ወታደሮች ሞቱ፤ አንድም ኢትዮጵያዊ አልተማረከም። ሲመለሱ በክብር ተቀበሏቸው፤ ዘመቻውን ያዘዘው መንግሥት ከወደቀ በኋላ ግን ታሪካቸው የማይነሣ ሆኖ ብዙዎቹ በችግር ኖሩ። ኋላ የሕክምና ርዳታ የሰጣቸው፣ ለልጅ ልጆቻቸውም የትምህርት ዕድል የከፈተው ያገለገሉላት የሩቅ አገር ናት። በአፍንጮ በር በኩል ያለው መታሰቢያቸውም በዚህ ወዳጅነት የቆመ ነው። ባለዕዳው ማን እንደ ነበረ ሳስብ ጥቂት አፍራለሁ።

ጡረታ

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በክብር ዘበኛ አዛዥ በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የተመራው መፈንቅለ መንግሥት ከሸፈ። ያከሸፈው ጦር ሠራዊት ወዲያው የደሞዝ ጭማሪ ጠየቀና ተጨመረለት። ወታደሩ ደሞዙን በጋራ ሊጠይቅ እንደሚችል፣ ሲጠይቅም እንደሚሰማ ያወቀው ያኔ ነው። በዚያው ሰሞን የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ድንጋጌ ቁጥር 46/1953 ወጣ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209 ጸና። ሲቪሉንም ወታደሩንም የሚያጠቃልል ሲሆን፣ ሠራተኛው ከደሞዙ ከመቶ 4፣ መንግሥት ከመቶ 6 እንዲያዋጡ ያዝዝ ነበር።

ጡረታ የሚለውን ቃል የመረጠው ሰው ማን እንደ ሆነ ባውቅ ባመሰገንኩት ነበር። መጦር የልጅ ሥራ ነው። ሰው ልጅ የሚወልደው ጧሪ ቀባሪ እንዲሆነው ነው እንላለን። መንግሥት ጡረታ እከፍላለሁ ሲል፣ ለአገልጋዩ ልጅ እሆንሃለሁ ማለቱ ነው። ከማደሪያ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ትልቅ ነው። ማደሪያ ከአገልግሎቱ ጋር ይሞታል፤ ጡረታ ግን ሰውየው ከሞተ በኋላ መበለቲቱንና ልጆቹን ተከትሎ ይሄዳል። በኢትዮጵያ ታሪክ ለተራ ወታደር ሚስት በስሟ የሚከፈል ገንዘብ በሕግ የተጻፈው በዚህ መንገድ ነው።

ሕጉ ይህን ያህል መልካም ሆኖ ሳለ ነው እንግዲህ ነገሌ የደረሰው። ከነገሌ በኋላ ቅሬታው ወደ ደብረ ዘይት አየር ኃይል፣ በየካቲት ወር ደግሞ በአሥመራ ወደ ነበረው ሁለተኛ ክፍለ ጦር ተዛመተ። ጥያቄው መጀመሪያ የደሞዝና የኑሮ ነበር። መንግሥትም ደሞዝ ጨመረ። የነገሌው ወታደር የጮኸው ግን ስለ ብር ብቻ አልነበረም። አለቃው ከሚጠጣው ጉድጓድ እንዳይጠጣ መከልከሉ፣ ደሞዝ ቢጨመር የማይጠገን ነገር ነው። ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. የተሰበሰበው ደርግ ከየክፍሉ የተመረጡ ወታደሮችና የበታች መኮንኖች ኮሚቴ ሆኖ መጀመሩም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን፣ ጋሻ እየተባለ ለወታደር የሚመራው መሬት ለዘለዓለም አከተመ። የወንድ አያቴ ወረቀት ያን ቀን ዋጋው ዜሮ ሆነ፤ እርሳቸው ግን አልጣሉትም።

ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ደግሞ ሌላ ዓይነት ወታደር መጣ። በታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው፣ ቁጥሩ 300,000 ያህል እንደ ሆነ የተነገረለት ሚሊሺያ አብዛኛው ገበሬ ነበር። ደሞዝተኛ ወታደር ባለመሆኑ ቤተሰቡን የመደገፉ ሥራ በገበሬ ማኅበራቱ ላይ ወደቀ። ጎረቤት የዘማቹን ማሳ እንዲያርስ፣ እንዲያርምና እንዲያጭድ ታዘዘ። ሐሳቡ ከደቦና ከወንፈል የራቀ አልነበረም። ሆኖም ደቦ በፈቃድ ሲሆን ይጣፍጣል። ዓመት በዓመት፣ በትእዛዝ፣ የራስ ማሳ እየጠበቀ የሚደረግ ሲሆን መጨረሻ የሚታረሰው የዘማቹ ሚስት ማሳ ነው። ዝናቡም መጨረሻ ለታረሰ አይጠብቅም። ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ላጡ ልጆች በአላጌ የሕፃናት አምባ፣ አካላቸው ለጎደለ ወታደሮች በደብረ ዘይት የጀግኖች አምባ ተቋቁመዋል። በአላጌ ያደጉ ሰዎች ከሙያ ባልደረቦቻችን መካከልም ስላሉ፣ ስለ እርሱ ከእኔ ይልቅ እነርሱ ቢጽፉ ይሻላል።

ደሞዝተኛው ወታደር ወደ ግንባር ሲሄድ ከደሞዙ ተቆራጭ ለሚስቱ ወይም ለእናቱ ያስመዘግባል። ተቆራጯ በየወሩ ከደረሰች ሰውየው በሕይወት አለ ማለት ነው። ስትዘገይ በመደብሩ ዘንድ የዱቤ ስም ይረዝማል፤ በቤት ውስጥም ማንም አፍ አውጥቶ የማይናገረው ጥያቄ ይነሣል። በጦር ሰፈር አጠገብ የሚኖሩት ሚስቶች ጠላ እየጠመቁ፣ እንጀራ እየጋገሩ፣ ዕቁብና ዕድር እየገቡ የጎደለውን ይሞሉት ነበር። የሠራዊቱን የቤተሰብ ድጋፍ በጀት ያሰላ ሰው ቢኖር፣ ከዕድሩ የሚወጣውን ሳይደምር ትክክለኛ ድምር አያገኝም።

ከግንቦት 1983 በኋላ

በ1975 ዓ.ም. በወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ መሠረት የዘመቱት ወጣቶች፣ ሚሊሺያውም፣ ደሞዝተኛውም በግንቦት 1983 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ ወታደርነታቸው አበቃ። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ነበር። ይህን ያህል ሕዝብ ጠመንጃውን ጥሎ በየመንገዱ ሲመለስ አገሪቱ ያልፈረሰችበት ምክንያት ራሱን የቻለ ጥናት ያስፈልገዋል። በሰኔ ወር የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ። ሰዎቹ በየካምፑ ተሰብስበው ከቆዩ በኋላ ስንቅና የመንገድ ገንዘብ እየተሰጣቸው ወደየትውልድ አገራቸው ተሸኙ። ወደ ገጠር የተመለሰው ከገበሬ ማኅበሩ መሬት፣ ለአንዳንዱም ዘርና በሬ ተሰጠው። ከሁሉ የተቸገረው የከተማው ነበር። ለጡረታ የሚያበቃ ዘመን ያላገለገለው፣ ሥራ የሌለው፣ ከአሥመራና ከአሰብ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ የመጣው በየመጠለያው ለዓመታት ተቀመጠ። በአዲስ አበባ የመንገድ መብራት ሥር የወታደር ካፖርት የለበሱ ለማኞችን ያየ የእኔ ዕድሜ ሰው ሁሉ ያስታውሳቸዋል።

በኢኮኖሚ ረገድ አንድ ነገር ሳይስተዋል ቀርቷል እላለሁ። ሠራዊቱ ሲበተን አገሪቱ ጠመንጃ ያዥ ብቻ አይደለም የበተነችው። ሾፌር፣ ብየዳ ሠራተኛ፣ የሞተር መካኒክ፣ የራዲዮ ጠጋኝ፣ ነርስም ነበሩ። በብዙ ወጪ የሠለጠኑ ነበሩ። በየጋራዡ፣ በየወፍጮ ቤቱና በየግንባታው ቦታ ዝቅ ባለ ክፍያ ተበታትነው ገቡ። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ 148,000 ያህል ወታደሮች ሲሰናበቱ ከመጀመሪያው ልምድ ተወስዶ በእቅድና በብድር የተደገፈ ሥራ ተሠራ፤ የ1983ቱ ግን በአንድ ጊዜ የፈሰሰ ጎርፍ ነበር።

ሕጉ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714፣ መንግሥት ለሲቪሉ ከመቶ 11 ሲያዋጣ ለወታደሩና ለፖሊሱ ከመቶ 25 እንዲያዋጣ፣ ሁለቱም ሠራተኞች ከመቶ 7 እንዲያዋጡ በየዓመቱ እየጨመረ በሚሄድ መጠን ደነገገ። ዐሥር ዓመት ያገለገለ የአማካይ ደሞዙን ከመቶ 30 ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪሉ 1.25፣ ለወታደሩ 1.65 ይጨመራል። ሒሳብ ይቅደም ያለ ሰው ለምሳሌ እንዲህ ያስላው፦ አማካይ ደሞዙ 3,000 ብር የሆነና 20 ዓመት ያገለገለ ወታደር ከመቶ 46.5፣ ማለት 1,395 ብር ያገኛል። ቢሞት ሚስቱ የዚህን እኩሌታ 697 ብር ከ50 ሳንቲም፣ ልጁ ከመቶ 20 ማለት 279 ብር ያገኛሉ። ቁጥሩ ራሱን ችሎ ይናገራል፤ ሆኖም ደብዳቤ ብቻ ይዘው ከቀሩት ከወንድ አያቴ ጋሻ ጋር ሲተያይ በየወሩ የሚደርስ 697 ብር ይበልጣል። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ግን አንድ ቁጥር አለ፣ እርሱ ከተሳሳተ ሁሉም የሚፈርስ፤ የአገልግሎቱ ዘመን። እርሱ የሚገኘው ከሕጉ ሳይሆን ከመዝገብ ቤት ነው።

ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣሁ በስምጥ ሸለቆ በአንድ የውኃ ጉድጓድ ሥራ ላይ ተመድቤ ነበር። ሞተራችን ተበላሽቶ መለዋወጫ ከከተማ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ይፈጃል ተባለ። በረዳትነት በቀን ሒሳብ የተቀጠሩ አንድ ሽማግሌ ተነሡና ሞተሩን ከጠዋት እስከ ማታ ፈትተው፣ የተበላውን ክፍል ከወዳደቀ ብረት ቀርጸው አስነሡት። ውኃው ሲወጣ የሰፈሩ ሴቶች እልል አሉ።

«ጋሼ፣ ይህን የት ተማሩት?» አልኳቸው።

«በጦሩ ነዋ፣ ልጄ። ዐሥራ ስድስት ዓመት።»

«ታዲያ ጡረታዎ?»

«ፋይሌ አሥመራ ቀረ» አሉና እጃቸውን በጋዝ ይታጠቡ ጀመር።

ያን ሌሊት ማመልከቻ ጻፍኩላቸው። የተቀጠሩበትን ዓመት፣ የክፍላቸውን ቁጥር፣ የሠለጠኑበትን ቦታ፣ የአለቆቻቸውን ስም ሁሉ ሳይሳሳቱ ነገሩኝ፤ እንዲያውም የጥገና ክፍሉ የነበሩትን የጀኔሬተሮች ብዛት ጨመሩ፤ እኔም ጻፍኩት። ያመለከቱበት መሥሪያ ቤት ከሦስት ወር በኋላ፣ በአንድ ክፍል አብረዋቸው ያገለገሉ ሁለት ምስክሮች እንዲያቀርቡ መለሰላቸው። አንደኛውን ሻሸመኔ አገኘናቸው። ሁለተኛውን ፍለጋ ሁለት ጊዜ አብሬያቸው ሄጃለሁ። በሁለተኛው ጊዜ የደረስነው ለሰውየው ሙት ዓመት ሆነና ድንኳኑ ውስጥ ገብተን ንፍሮ በልተን ተመለስን።

የማመልከቻው ቅጂ እኔ ዘንድ ነው። ከጋሻው ደብዳቤና ከጡረታው ደብተር ጋር በዚያችው በቆርቆሮዋ ሣጥን ውስጥ አኑሬዋለሁ።